ዓይነ ደረቅ ያሉሽ

አያንቱዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሱሉልታ ብርዷን አልተወችም። ከሰዓት በኋላ ያ የምትፈሪው ንፋስ የመንገዱን አቧራ ይዞ በራችንን ይመታል። እኔም እንደ ድሮው ተሽቀዳድሜ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ለማን እንደዘጋሁ የምጠይቀው ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ልጃችን ሕይወት ከነባሏ ኮዬ ፈጬ ገብታለች። "አባዬ፣ ብቻህን ምን ታደርጋለህ፣ እኛ ጋ ና" ትለኛለች። ብቻዬን አለመሆኔን እንዴት ብዬ ልንገራት? የዓይን ጠብታሽ ሰዓት ሲደርስ ስልኬ ይጮሃል፤ አላጠፋሁትም። ሲጮህ እጄን ታጥቤ ሳሎን እገባለሁ፤ ወንበርሽ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አድርጎ ይጠብቀኛል። ባለፈው ጊዜማ መድኃኒት ቤት ገብቼ አዲስ ጠብታ ገዛሁ። ፋርማሲስቷ "ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?" ስትለኝ "ደህና ናት" አልኳት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ነው።

አጀማመሩ ትዝ ይልሻል? ዳቦ ያለ ውሃ አልዋጥ ይልሽ ነበር። ጠዋት ዓይንሽ ተጣብቆ ያድራል። "አሸዋ ገባብኝ" ትያለሽ፤ እኔም ባትሪ ይዤ የሌለ አሸዋ እፈልጋለሁ። ያስረዳችን ሐኪሟ ናት። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር ቆቡ ብሌኑን እንደሚያሸው፣ በመሃላቸው ያለችው ስስ እንባ ከሌለች ግን እያሸ ሳይሆን እየፋቀ እንደሚሄድ ነገረችን። የአንቺ ሰውነት እንባና ምራቅ የሚያመነጩትን እጢዎች ራሱ እየተዋጋ ነበር። "በሽታው አይድንም፤ ዓይኗን ግን እናርጥበዋለን" አለች። የቀረችሽ ጥቂት እንባ ፈስሳ እንዳታልቅ ብላ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ውታፍ በእንባ መውረጃሽ ከተተችበት። ቤት ስንመለስ "እንደ ገንዳ ደፈኑኝ" ብለሽ ሳቅሽ። ጠብታውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሥራ ሆነ፤ አንቺማ ሁሌ ጉንጭሽ ላይ ነበር የምታፈስሺው።

ከዚያ አባትሽ ኦቦ ቶላ አረፉ።

መናገሻ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ጮኽሽ፤ ደረትሽን መታሽ፤ ድምፅሽ እስኪዘጋ አባትሽን ጠራሽ። ጉንጭሽ ግን ደረቅ ነበር፤ ሰው የሚያየው ደግሞ ጉንጭ ነው። አክስትሽ ከኋላችን ሆና ለአንዷ "ይቺ ዓይነ ደረቅ፣ አባቷ ሞቶ እንኳ ጠብ አይላት" አለቻት። ስትሳደብ ነው፤ እውነቱን እየተናገረች መሆኑን አላወቀችም። አንቺ ሰማሽ። ታናሽ ወንድምሽ ገመቹም ሰማና አቀረቀረ።

ጠብታውን ከኪሴ አውጥቼ ወደ ጓዳ እንድትገቢ ለመንኩሽ። "በጠብታ አለቀሰች እንዲሉኝ ነው?" አልሽኝ። ጓዳውም በሰው ተሞልቷል። ማታ የምታድሪው ከሴቶቹ ጋር ስለሆነ አላገኝሽም። ሦስቱን ቀን በድንኳኑ አቧራና በማብሰያው ጭስ መሃል ዓይንሽን እንደገለጥሽ ተቀመጥሽ።

ስንመለስ ግራ ዓይንሽ ደም መስሎ ነበር። ሐኪሟ በመብራት አየችው። ቆቡ ብሌኑን ፍቆ አቁስሎታል፤ ቁስሉም አመርቅዟል። ዳነልሽ፣ ጠባሳው ግን ቀረ። ከዚያ ወዲህ በግራሽ በኩል ስቆም ጥላ ሆንኩብሽ። ገመቹ ስልክ ስትደውዪ ማንሳት ተወ። ሄጄ ልነግረው ስነሳ ከለከልሽኝ፤ "ለእንባዬ የሐኪም ማስረጃ አላቀርብም" አልሽ። ቆይቶ በሽታው ወደ ሳንባሽ ወረደ። ሳልሽ እንደ ሦስተኛ ሰው አብሮን ኖረ፤ አንድ ጠዋት ቆመ።

ቀብርሽ ላይ ገመቹ መጥቶ ነበር። ከሰው ኋላ ቆሞ፣ ማንንም ሳያናግር ሄደ። ከትናንት በስቲያ ግን በሩን አንኳኳ። ስለ ሙት ዓመትሽ ሊያማክረኝ ነው የመጣው። ሳያውቅ ወንበርሽ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት እንደተጫወትን ስልኬ ጮኸ። እኔም እንደ ልማዴ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፤ ጠብታውን ይዤ ፊቱ ስቆም ነው እሱ መሆኑ የታወቀኝ።

"ምንድን ነው እሱ፣ ጋሼ?" አለኝ።

ከልክለሽኝ ነበር፤ ቢሆንም ነገርኩት። ስለ ዳቦው፣ ስለ ውታፉ፣ ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት። ሰምቶ ሲያበቃ "ለኔም አድርግልኝ" አለ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑን ገለጠ።

አያንቱ፣ የአንቺ ዓይኖች ናቸው፤ በብሌንሽ ጠርዝ የነበረችው ቡናማ ነጥብ እንኳ አልቀረችም። ስፈልጋቸው የከረምኩት ዓይኖች ከወንበርሽ ላይ ቀና ብለው ያዩኝ ነበር። ከጀርባዬ የቆምሽ መሰለኝ። ዘወር ብዬ አላየሁም፤ ብትኖሪም ፈራሁ፣ ባትኖሪም ፈራሁ። ጠብታው ወረደ። ገመቹ አልጨፈነም። "ኦቦሌቲ ኮ" አለ፣ "እህቴ"። ከዚያ በኋላ በጉንጩ የወረደው የእኔ ጠብታ አልነበረም።

ለሙት ዓመትሽ መናገሻ እንሄዳለን። አክስትሽም እዚያ ትገኛለች። እኔ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ገመቹ "ለሷ የምነግራት እኔ ነኝ" ብሎኛል።

አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ ብዙ ነገር እየረሳሁ ነው። ሕይወት የተጋባንበትን ዓመት ብትጠይቀኝ ጠፋብኝ። አንድ ነገር ግን እስክቀበር አልረሳም። ጠብታው ከብልቃጡ አፍ ተንጠልጥሎ ገና ሳይወርድ፣ አንቺ እንደ ልጅ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር፤ እኔም አብሬሽ እይዝ ነበር። አሁንም ቤቱ ጸጥ ሲል እይዛለሁ። ቀድመሽኝ እንድትተነፍሺ እጠብቃለሁ።

ያንቺው መኮንን