ጉልቤ ከተገጨ ወዲህ

ለወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ሁላችንም በእግራችን ነን፤ ከውሻችን ከጉልቤ በቀር። በስልክ "እግሩ ተሰብሮ እያየሽ ለምን ቶሎ አላሰርሽለትም?" ብለኸኝ ነበር። አባባም ያን ቀን ያሉት ይህንኑ ነው።

አባባ ጉልቤን ይዘው መንገድ ሲሻገሩ ነው ሞተር ሳይክል የመጣባቸው፤ ሁለቱም ወደቁ። ጉልቤን እኔ የምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ እንዳደረስነው መጀመሪያ ከንፈሩን ገልጬ ድዱን አየሁ፤ ገርጥቷል። ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"አንቺ ዶክተር፣ የተሰበረው እግሩ ነው፤ ጥርሱን ምን ትቆጥሪያለሽ?" አሉ አባባ።

"እግሩ ይደርሳል አባባ፤ ትንፋሹ ግን አይጠብቀኝም!"

ራጅ ሳነሳው ከሳንባው ያመለጠ አየር ደረቱ ውስጥ ተጠራቅሟል። በመርፌ ሳወጣለት እፎይ አለ፤ እግሩን ያሰርኩት በማግስቱ ነው። አሁን የሰው ሳህን ላይ ማፍጠጥ ጀምሯል።

አባባ "እኔ ምን ሆኜ!" ይላሉ። ከወደቁ ወዲህ ግን የሚያድሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። ቀልድ ሳመጣ ጎናቸውን ይዘው "ተይኝ ልጄ፣ አታስቂኝ" ይሉኛል።

ነገ ጉልቤን ለክትትል ስወስደው "ታክሲ ውስጥ ይያዙልኝ" ብዬ አብሬ አስወጣቸዋለሁ። ከክሊኒካችን ማዶ የሰው ሐኪም ቤት አለ፤ እዚያም ቀጠሮ ይዣለሁ። እምቢ ካሉኝ በር ላይ ቆሜ እጨቃጨቃለሁ እንጂ ይዣቸው አልመለስም። አንተን ግን ይሰማሉና እባክህ ይህ መልእክት ስልክህ ላይ እንደደረሰህ ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ድምፅህን የምትጠብቀው
ታናሽ እህትህ