አማትሽን የመታሁበት የአበባ ቦታ

ሚያዝያ 14 ቀን፣ ከሰው አገር

ለአንድያ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትንሿስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ። ቅንድቤ ተሰፍቷል፣ ትከሻዬ ላይም የሰው ጥርስ ምልክት አለ፣ ከዚያ ውጪ ምንም አልሆንኩም። ያረፍኩበት ክፍል ንጹሕ ነው። ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው፣ ምግቡም በሰዓቱ ይመጣል። በሩ ብቻ ከውጭ ነው የሚቆለፈው።

አትደንግጪ። ደግሞ ድምፅ አታሰሚ። ካስኩ ሥር እንደተቀመጥሽ፣ ፀጉሯን እንደምታደርቅ ሴት ሆነሽ ዝም ብለሽ አንብቢ። ይህን ደብዳቤ የሰጠችሽ ፀጉር ሠሪ ከእኛ ጋር ስትጓዝ የነበረች ናት፤ ሙሽሮች ስላሉባት ከሁላችን ቀድማ ተመለሰች። "ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ሁለታችሁንም በነጻ ልሥራችሁ" ብላ የደወለችልሽ ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፤ እኔ ነኝ የላክኋት። ባልሽ ስልክሽን እንደሚፈትሽ አውቄያለሁ። እሷ ቤት ግን ወንድ አይገባም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ባልሽ "ሁለቱ እናቶቼ አብራችሁ አገር እዩና ተዋደዱልኝ" ብሎ ሲልከን፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ መርቄው ነበር። ጣትሽ የተሰበረ ሰሞን ነው። "የመኪና በር ዘጋብኝ" አልሽኝ፤ እኔ ጅሏም አምኜ በሩን ስረግም ከረምኩ። አማትሽም መንገዱን ሁሉ እንደ አመሏ ነበረች። አውሮፕላን ላይ በመስኮት በኩል ካልተቀመጥኩ ብላ ከአስተናጋጇ ጋር ተጣላች፤ መስኮቱን ሲለቁላት ደግሞ ጋርዳው ስታንኮራፋ ደረስን። ችዬ ነበር። ስላንቺ ስል ብዙ ችያለሁ።

የአበባው ቦታ ግን፣ ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ቀለም አውቃለሁ እል ነበር፤ እዚያ ስቆም ቀለም የሚባል ነገር አይቼ የማላውቅ ሆንኩ። ቱሊፕ ይሉታል። ዓይን እስከሚደርስበት ቀይ፣ ከቀዩ ቀጥሎ ቢጫ፣ ከቢጫው ቀጥሎ ጥቁር የሚመስል ወይን ጠጅ፣ ጣቃ ጨርቅ በየተራ የዘረጉት ይመስላል። ይህን ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል። አንቺ ብታዪው ብዬ እንባዬ መጣ።

ከዳር ባለው መደብ ላይ ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ያበበውን ሁሉ አንገቱን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረጉ ይሰብራሉ። የደረቀውን ሳይሆን ጤነኛውን! መሬቱ ቀልቶ የታረደበት ይመስላል። "ምን አጠፋ?" ብዬ አስጎብኚያችንን ጠየቅኩት። የእኛኑ ቋንቋ የሚናገር ጨዋ ሰው ነው።

"አበባው ጉልበቱን እንዳይጨርስበት ነው፣ እናቴ" አለኝ። "ራሱ ሲቀነጠስ ከአፈሩ ውስጥ ያለው ሽንኩርት የመሰለው ሥሩ ይወፍራል።"

አማትሽ አበባውን በስልኳ ትቀርጽ ነበር። ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ሰሙ?" አለችኝ። "እኔስ ለልጄ ምን አልኩት? ቤትህ እንዲጸና ከፈለግክ መጀመሪያ ራሷን ስበርላት ነው ያልኩት።"

"የማንን ራስ?"

"የልጅዎትን ነዋ! እስካሁን አልነገረችዎትም? ጎሽ፣ አፏን መዝጋት ተምራለች ማለት ነው። ድሮ አንድ ሲላት ሁለት ትመልስ ነበር። ፊቷን ብቻ እንዳትነካ ብዬዋለሁ፣ ሰው ያያል። ልብስ የሚሸፍነውን ይበላት። ያቺን ጣቷንማ እኔ እያለሁ ነው። ስልኬን አልሰጥም ብላ ጨብጣ፣ እሱም አንድ በአንድ ሲያላቅቃት ቀጭ አለ። ልክ እንደዚህ አበባ።"

ሳቀች። ልጄ፣ ሳቀች።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ "እርስዎ" ስንባባል የኖርን ሴቶች ነን። "አንቺ!" አልኳት። ከዚያ በኋላ የተናገረው እጄ ነው። በጥፊ ስላት መነጽሯ በረረ። ቀላል ሴት እንዳትመስልሽ፤ ሻሼን ከነፀጉሬ ጨብጣ አበባው ውስጥ ጣለችኝና ላዬ ላይ ወጣች። በቀለበቷ ቅንድቤን ከፈተችው። ትከሻዬን ነክሳ እንደ ውሻ ነቀነቀችው። ደሜ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ የቱ ደም፣ የቱ አበባ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እጄ መሬቱን ሲዳብስ ፔርሙዜን አገኘ፤ ያ የብረቱ፣ ሻይ የሞላው። መንጋጋዋን አልኩት። እሱም ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ አልነከሰችም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ገልብጫት ደረቷ ላይ ተቀመጥኩና "ይሄ የጣቷ! ይሄ የጎኗ! ይሄ የጀርባዋ!" እያልኩ ወረድኩባት። ባልሽ የት የት እንደመታሽ ስለማላውቅ መቼ እንደሚበቃኝም አላወቅኩም። ጥበቃዎቹ እየጮሁ ሲሮጡ ሳይ ስልኳን አንስቼ አበባው ዳር ያለ ኩሬ ውስጥ ወረወርኩት። ይህችን አንዷን ግን አስቤበት ነው ያደረግኩት።

ሁለት ጥበቃዎችና አንድ አትክልተኛ ናቸው ከላይዋ ያነሱኝ። አንደኛውን ሆዱን በክርኔ ብዬዋለሁ፤ እሱ ምንም አላደረገኝ፣ ይቅር ይበለኝ። ፊቴን አፈሩ ላይ ደፍተው ክንዴን ወደ ኋላ ጠመዘዙት። አፌ ውስጥ የገባው የአበባ ቅጠል ይመራል። አገር ጎብኚው ሁሉ ቆሞ ፎቶ ያነሳናል፤ ለአበባው የመጣ ሰው እኛን ቀርጾ ሄደ።

አማትሽ ሆስፒታል ናት። መንጋጋዋን በሽቦ አስረውታል፣ መናገር አትችልም። የልጇን ቁጥርም በቃሏ አታውቀውም። አስጎብኚው ግን ቁጥሩ አለው፣ የመደወል ግዴታም አለበት። ያለችውን በገዛ ጆሮው ስለሰማ "እስከ ነገ ማታ ልቆይልዎ፣ ከዚያ በላይ ሥራዬን ያሳጣኛል" ብሎኛል። አንቺ ይህን ስታነቢ ነገ ያለው ዛሬ ሆኗል። ባልሽ የእናቱን ነገር ሲሰማ እኔን አያገኘኝም፤ በማን እንደሚወጣው ታውቂያለሽ።

ስለ እኔ አታስቢ። ዳኛ ፊት ትቀርቢያለሽ ብለውኛል፤ እስሩ የወራት ይሁን የዓመታት አስተርጓሚዋም አታውቅም። "ተጸጽተዋል ወይ ይላሉ" ብላ ጠየቀችኝ። "ለአበባው" አልኳት። እንዳለ ተረጎመችው መሰለኝ፣ ፖሊሷ ሳቋን ዋጠች። ይህንን ወረቀትና እስክሪብቶ የሰጠችኝም ፖሊሷ ናት፤ ስጨርስ ውጭ ለምትጠብቀው ፀጉር ሠሪ ታቀብልልኛለች።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥርሷም ከስፌቱም የባሰ ያመመኝ እሱ ነው። ልንሳፈር ሰሞን ትንሿ በስልክ "እማማ፣ ጆሮዬን አሞኛል፣ የመኝታ ቤቴ በር መታኝ" አለችኝ። አንቺም ከኋላዋ "አዎ፣ በሩ ነው" አልሽ። እኔም ቀስ በይ፣ አትሩጪ ብዬ ስቄ ዘጋሁት።

ልጄ፣ የትንሿ መኝታ ቤት በር የለውም። ገና ቤቱን ስትይዙ በሩ ተነቅሎ ስለነበር መጋረጃውን ለክቼ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ቢጫው፣ ባለ ወፎቹ። መጋረጃ እንዴት አድርጎ ጆሮ ይመታል?

ስለዚህ "ለልጄ ስል እችለዋለሁ" የምትዪው ነገር አብቅቷል።

የአጎትሽ የጭነት መኪና ከፀጉር ቤቱ ደጅ ቆሟል። ምንም አይጠይቅሽም፤ ታውቂዋለሽ፣ እሱ ከሞተሩ ጋር ካልሆነ ከማንም አያወራም። ወደ እኔ ቤት እንዳትሄዱ፣ መጀመሪያ የሚፈልግሽ እዚያ ነው። የት እንደሚያደርሳችሁ ለእኔም እንዳይነግረኝ በፀጉር ሠሪዋ በኩል ልኬበታለሁ። ለልብስ ብለሽ እንዳትመለሺ። ከዚህ ስወጣ ልብስ እኔ እሰፋላችኋለሁ።

ፈጣሪ ከፊታችሁ ይቅደም። የሚከተላችሁን ዓይኑን ይጋርደው። ያቺን ትንሽ ጆሮ ሳሚልኝ፤ ዳግመኛ ክፉ አታግኛት።

እጇ የቀደማት እናትሽ

ዋናውን ረስቼው። ፀጉርሽ ሳይደርቅ ብርድ ላይ እንዳትወጪ እያልኩ ስጮህብሽ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ካስኩን አንሺና ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። እርጥብ ፀጉር ሰው አይገድልም።