የአሥራ አንዱ ክሮች ጉዳይ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ሁለት ጊዜ ደውለሽልኝ አላነሳሁም። አሞኝ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

የሙዚቃ ዝግጅትሽ ቀን ጠዋት «ድርሰቴ ያለዚህ ቅኝት የለም» ብለሽ በሰጠሽኝ ወረቀት ላይ እንደጻፍሽው ቃኝቼ ጨርሼ ነበር። አሥራ አንድ የፒያኖ ክሮች፣ እያንዳንዱ በተባለው ልክ ላላ። ዕቃዬን ስሰበስብ ወንበር የሚደረድሩት ሁለቱ ሠራተኞች ቁልፎቹን ነካ ነካ አድርገው ተሳሳቁ። «የሽማግሌው ጆሮ ደክሟል መሰለኝ» አለ አንዱ።

አንቺ ለምሳ እንደወጣሽ ክሮቹን ሁሉ አጥብቄ ወደ ተለመደው ቅኝታቸው መለስኳቸው።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመጀመሪያውን ድምፅ መታሽና እጅሽን አነሳሽ። እኔ ወደቆምኩበት የጎን በር ዞርሽ።

«ማነው የነካብኝ?»

«የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ አዘዙኝ።» ምላሴ ቀደመኝ።

«መቃኛውን ይዘው ይምጡ።»

ከልጅነትሽ ጀምሮ አንተ ስትይኝ ኖረሽ ያን ቀን አንቱ አልሽኝ። በሰው ፊት ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ክሮቹን እንደገና አንድ በአንድ አላላኋቸው። የሚያጉረመርም አለ፣ ጥሎ የሚወጣ አለ። አንቺ ግን ወረቀቱን እንኳ ሳታዪ «ትንሽ ዝቅ... በቃ!» ትዪኝ ነበር።

ከዚያ ተጫወትሽ። ሁለት ክሮች በጥቂቱ ተለያይተው ሲጮሁ፣ በመሃላቸው ማንም ያልመታው ድምፅ እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ሰማሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ፒያኖ ስቃኝ ያንን ድምፅ ሳጠፋ ነው የኖርኩት። አንቺ ገና ሳይፈጠር ሰምተሽዋል።

በማግሥቱ ለአዳራሹ ቦርድ አቤቱታ አስገባሽ፤ ሥራ አስኪያጁ ታገዱ። ዛሬ ጠዋት ቤታቸው ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። በሩን እንደያዙ «ለልጅቷ ነግረሃታል?» አሉኝ።

«ገና ነኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ዘጉብኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። ማንም አላዘዘኝም። እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ እሱም ውሸት ነው። የፈራሁት እንዳይስቁብኝ ነው።

ነገ ጠዋት ይህንኑ ለቦርዱ ጽፌ ፈርሜ አስገባለሁ። ቢያባርሩኝም የእጄን ነው ያገኘሁት። ለሚቀጥለው ሥራሽ ሌላ ቃኚ ብትፈልጊ አልቀየምም ብልሽ ግን ሦስተኛ ውሸት ይሆንብኛል።

አጎትሽ