ድርቆሹን የሳተው መንሸራተቻ

ለውድ ወንድሜ ለአርኔ፤ እንደምን ሰነበትክ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? የስዊድን ብርድስ ከእኛው ይሻላል ወይስ ያው ብርድ ነው? አከራይህ ሴትዮ ዛሬም ሾርባውን በውሃ ነው የምታበዛው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልህ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሳይሚ እግራቸው ተሰብሯል። አትደንግጥ፤ ምላሳቸው ደህና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ለቅበላ እንደ ልማዳቸው የሐይቁን በረዶ በስተው ምሰሶ ተከሉ። ምሰሶው አናት ላይ እንዲሽከረከር አድርገው ዘንጉን በአግድም፣ ዘንጉ ረጅም ጫፍ ላይ ሰው የሚቀመጥበትን የበረዶ መንሸራተቻ አሰሩ። ገፊዎቹ የዘንጉን አጭር ጎን ይዘው ምሰሶው ሥር እየተንቀራፈፉ ሲዞሩ፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ሰው ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ዘንድሮ ደግሞ በቅበላ ሩቅ የተንሸራተተ ሰው የዘራው ተልባ ይረዝምለታል የሚለውን የድሮ እምነት ይዘው ዘንጉን ይባስ አስረዘሙት።

አምና አንተና አባባ የተጣላችሁበት፣ መንሸራተቻው ቢፈታ ያርፍበታል የተባለው ድርቆሽም እዚያው ቦታው፣ ከምሰሶው ወደ ውጭ ተከመረ። አንተ «አባባ፣ መንሸራተቻው ከተፈታ አፍንጫው ወደዞረበት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከምሰሶው ወደ ውጭ አይወረወርም» ስትላቸው፣ «እኔ ዘንግ ስገፋ አንተ ጡት ትጠባ ነበር! የተቀመጠ ሰው ወደ ውጭ ሲገፋ አይሰማውም?» አሉህ። ሰውነቱ ቀጥ ብዬ ልሂድ እያለ ዘንጉ ወደ ውስጥ ስለሚጎትተው ነው እንጂ የሚገፋው የለም ብትል ማን ሰማህ! በዚያው ሻንጣህን አንስተህ ስዊድን ገባህ።

ዘንድሮ እትዬ ሳይሚ ተቀምጠው «ተልባው ይርዘም!» እየተባለ ሲዞሩ፣ ልክ ድርቆሹ ትይዩ ሲደርሱ ማሰሪያው ተበጠሰ። መንሸራተቻው ወደ ድርቆሹ ዞርም አላለ። ባፍንጫው ቀጥ ብሎ፣ በረዶ ከያዛት ጀልባ ጋር ተላተመ። እትዬ ሳይሚ በረዶው ላይ ተዘርረው «ተልባው ረዘመ፣ እኔ አጠርኩ!» አሉ። ሰው ሳቀ። አባባ ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ያን አያታችን የጠረቡትን ዘንግ በመጋዝ ቆራርጠው ለሳውናው፣ ለእንፋሎት መታጠቢያችን ማገዶ አደረጉት። ጥፋቱ የዘንጉ አይደለም ብዬ ብለምናቸው «አውቃለሁ» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ልጁ ነግሮኝ ነበር» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለመጋዙ። እንዴት አንጀቴን እንደበሉኝ!

አርኔ፣ ይቅርታ የምትባል ቃል ከአባባ አፍ እንደማትወጣ ታውቃለህ። አንተም በግትርነት እሳቸውን ነው የወጣኸው። ቃሏን ስትጠብቅ ዓመት አለፈ፤ እሳቸውም እያረጁ ነው። አትጠብቃት፣ ዝም ብለህ ና። ማን ልክ እንደነበር ማንሳትም አያስፈልግም፤ እግሩ በጀሶ የታሰረ ምስክር አለልህ።

ባለቤቴ ኤይኖ በጣም ናፍቀኸኛል ይልሃል። ልጃችን ኪርሲ ጉንጭህን ስማሃለች። እትዬ ሳይሚ ሰላምታቸውን ከከዘራ ትእዛዝ ጋር ልከዋል፤ ስዊድን የተሠራ ይሁን ብለዋል። አባባ ሰላም በይልኝ አላሉም። ግን ደብዳቤውን ፖስታ ቤት እኔ አደርሰዋለሁ ብለው፣ የበረዶ መሄጃ ስኪያቸውን እግራቸው ላይ አጥልቀው ደጅ ቆመው እየጠበቁኝ ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

እህትህ ሌምፒ
ሩኦቬሲ፣ ፊንላንድ
የካቲት 1961 እ.ኤ.አ.