ለሙሉወርቅ የቀባሁት ክሬም

መቲ ኮ፣ ልጄ፣ ጤናሽ እንደ ጉደር ወንዝ በበጋም አይጉደል። ይህን ደብዳቤ በገዛ እጄ ጻፍኩት። በማታ ትምህርት አንደኛ ነኝ፤ ሁለተኛዋ ከእኔ ትኮርጃለች። ላማችንም ወለደች።

እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ እህትሽ ሙሉወርቅ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ አቅቷታል። ኩላሊቷም ታሞ እግሯ አብጧል፤ ሠርጓ ቀረ። ሐኪሟ ከዱባይ የላክሽላትን የሚያቀላ ክሬም አስመርምራ፣ «ባዜቃ፣ ሜርኩሪ የሚሉት መርዝ፣ አለበት፤ በቆዳዋ ዘልቆ ደሟ ውስጥ ገብቷል» አለችኝ። «የፊት ቅባት የኩላሊትን አድራሻ ከየት አገኘው?» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

አንቺ የላክሽው በፍቅር ነው፤ የቀባኋት እኔ ነኝ። እንደ ቅቤ ሰውነቷ ይጠጣው ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት አሽቼ ፀሐይ ላይ አስቀምጣት ነበር። ቅቤ በአናት ገብቶ ዓይን ያበራል እያልኩ አሳድጌያችሁ፣ መርዝም በዚያው በር እንደሚገባ አላሰብኩም።

በፎቶሽ ላይ ፊትሽ ቀልቶ አየሁ። ጎረቤት «አማረባት» አለ፤ እኔን እህል አልበላ አለኝ። ያንን ክሬም ትቀቢ እንደሆነ ዛሬውኑ ተዪው፤ ኩላሊትሽንም ተመርመሪ። ከታች ያለው የተጣመመ መስመር የሙሉወርቅ ፊርማ ነው፤ እሷም ትለምንሻለች። የሸኘሁትን ጠይም ፊትሽን እግዜር ይጠብቅልኝ።

እናትሽ ዘቢደር