ፊላ የቆመበት ውሃ

ለእህቴ ለእትዬ ላቨርን፣

የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ መርዶው ሲደርሰኝ ከቤት ጀርባ ሐይቃችን ሳይዘራ የሚያበቅለውን ሩዝ እየቆላሁ ነበር። የወንድማችን የክላረንስ ልጅ ዳሪል እስከ አንገቱ ረጥቦ መጣና «አክስቴ፣ ኤልሮይ ከውሃው አልወጣም» አለኝ። ማማሰያውን አልጣልኩም። ሩዙ እንዳያርብኝ፣ እስኪደርስ ድረስ አማሰልኩ። ልጄ መሞቱን እየሰማሁ ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

አስቀድሜ እንደምን ሰነበትሽ ማለት ነበረብኝ። የታከምሽው ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ? ሳሉስ ተወሽ? ለቀብሩ ስላልመጣሽ አትዘኚ፤ ሐኪም የከለከለው ሰው ምን ያደርጋል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፤ የእኔ እንባ ግን አልመጣም። በስልክ መሞቱን ብቻ ነግሬሻለሁ፤ አሟሟቱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለቱ ልጆች እንደ ወጋችን ትንባሆውን ለውሃው ሰጥተው ታንኳዋን ሲያወርዱ ይሳሳቁ ነበር። ኤልሮይ ከኋላ ቆሞ በዘንግ ይገፋል፣ ዳሪል ተቀምጦ በሁለቱ ዱላ ዛላውን እየመታ ሩዙን ታንኳዋ ውስጥ ያራግፋል። «አንተ እኮ ከታንኳው ውጪ ነው የምታራግፈው፤ የሐይቁ ዳክዬ ሁሉ ጌታዬ ይልሃል» አለው ልጄ። ዳሪልም «አንተ ደግሞ ገፋሁ ትላለህ እንጂ የሚወስደን ነፋሱ ነው» ብሎ መለሰለት።

ቀትር ላይ ታንኳዋ ቄጠማ መሰሉ ረጅም ፊላ ውስጥ ተቀረቀረች። ድሮ ሩዝ የምንለቅምበትን ቦታ ፊላ እንደወረሰው ነግሬሽ ነበር። ኤልሮይ ሊያላቅቃት ወረደ። መሬት መስሎት የረገጠው፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ የፊላ ሥር ነበር። ተበስቶ ዋጠው፤ ከላዩም መልሶ ገጠመ። ዳሪል ገብቶ በእጁ እየቀደደ ደከመ። ሬሳውን ማታ ሰዎች አወጡት።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ዳሪልን በጎሪጥ ያየው ጀመር። «አንተ ቀላሉ እያለህ እሱን ለምን አስወረድከው?» አሉት። ለብቻው ጠራሁትና ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ «ተው አትውረድ ብዬው ነበር፣ አክስቴ። ‹ፊላ የቆመበት ውሃ ከጉልበት አያልፍም ብላኛለች እናቴ› ብሎኝ ወረደ» አለኝ። ያን ሁሉ ስድብ የቻለው ለእኔ ብሎ ነው።

ቃሉ የአባታችን ነው። ሁለታችንንም እዚሁ ዳር አቁሞ አስተማረን። እኔም ኤልሮይ ሰባት ዓመት ሲሞላው አስተማርኩት።

ጆሊን የምትባል፣ ለጎሳችን የሐይቆቹን ጤና የምትከታተል ልጅ ቤት መጣች። ሁለት ፊላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። አንዱ ቅጠለ ሰፊ፣ የእኛው የጥንቱ ነው። ሌላው ጠበብ ያለ ረጅም ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ፊላ ከእኛው ጋር ተዳቅሎ የወለደው ነው አለች። «እንደ በቅሎ ያስቡት፣ እማማ። በቅሎ ግን አትወልድም፤ ይሄ በሥሩ እየተባዛ ሐይቅ ይሞላል።» እናቱም አባቱም በማይቆሙበት ጥልቅ ውሃ ይቆማል። ውሃው ሲሞላ ከጭቃው ተነቅሎ እየተንሳፈፈ ይኖራል። «ታዲያ አባቴ ዋሽቶኛል?» አልኳት። ሰፊውን ቅጠል ነካ አድርጋ «አባትዎ የሚያውቁት ይሄኛውን ነው» አለችኝ።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነስቼ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ልጄን ከታንኳ ያወረደው የእኔ ቃል ነው፣ ዳሪልን ተዉት አልኩ። ክላረንስ ልጁን ትከሻውን አቅፎ ይዞት ወጣ።

እትዬ፣ የልጅ ልጆችሽ በሚመጣው ዓመት ለሩዝ ይመጣሉ ብለሽኛል። ይምጡ። ግን ያንን ቃል አንቺም እንዳስተማርሻቸው አውቃለሁ። ዛሬውኑ ሰብስበሽ ንገሪያቸው፤ ፊላ ባለበት ከታንኳ አይውረዱ። የአባታችንን ቃል መሻር ከብዶሽ ዝም እንዳትዪ።

ባልሽን ሬይመንድን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ልጅሽን ዶሪንን ሳሚልኝ፤ መንትዮቿንም አንድ በአንድ። ይህ ደብዳቤ ሲነበብ የምትሰሙ ሁሉ፣ ለኤልሮይ ጸልዩለት። እኔ እንበረከካለሁ፤ የጸሎቱ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። እናንተ ጸልዩለት።

እህትሽ አርዲስ
ሰሜን ሚኒሶታ፣ ከሐይቁ ዳር
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1997