ከመኪናው ሆድ ስር ያለው ማገር

ጋምቤላ
የካቲት 11 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለስንታየሁ፣

እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለሁ። ወገቤ ያው ነው። ምራቴ መሰረት በደህና መገላገሏን በሰው ሰማሁ፤ ወንድ ነው አሉኝ። ከአንተ እጅ ግን አንድ መስመር አልደረሰኝም።

ይህን ደብዳቤ ነጋዴው ሀያቱ በነገው የጭነት መኪና ያደርስልሃል። ቆመህም ቢሆን አንብበው። ሾፌርህ ኦፒው ቀድሞ ዲማ ከገባ መኪናውን አትንዳው፤ ማንም አይንዳው። ምክንያቱን በየተራ እነግርሃለሁ። ፊደል በሃምሳ ዓመቴ የቆጠርኩ ሰው ነኝ፣ ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ መቀጠል አልችልም።

ኦፒው ከሁለት ሳምንት በፊት ሲመጣ በደረት ኪሱ ፖስታ አየሁ።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የአብዱልባሲጥ፣ የጋራዡ።»

«የእኔስ?»

«የእማማ የለም» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ቆይቼ ተከትዬው ወደ ጋራዡ ሄድኩ። አብዱልባሲጥ ከመኪናው ስር ተንጋሎ የክንድ ውፍረት ያለው ቧንቧ ከግራ ወደ ቀኝ ሲበይድ አገኘሁት። ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ሻንሲ ማለት መኪናው የተቀመጠባቸው እነዚህ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። አርጅተዋል። አንዱ ወዲህ ሲል ሌላው ወዲያ ይላል፤ ያኔ መሪው አይታዘዝም። ይህ ቧንቧ አንድ ላይ ይይዛቸዋል። ቤት ያለ ማገር ይቆማል?»

«ጫፍና ጫፉን ለምን ደፈንከው?»

«ውሃ እንዳይገባ።»

«ደብዳቤው ምን ይላል?»

«ማገር ግጠም ይላል።»

«ሌላስ?»

ሳቀብኝ። «ሌላው የእኔና የስንታየሁ ነው።»

ማገር ሲለኝ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሰፈራ ጣቢያ ሳለን የቤታችን ማገር ቀርከሃ እንደነበር ታስታውሳለህ። አባትህ ጥሪታችንን የሚደብቀው በዚያ ቀርከሃ ውስጥ ነበር፣ ጫፉን በጭቃ እየደፈነ። በ83 ሁሉም ወደ ወሎ ሲሸሽ ማገሩን ሰንጥቆ ሄደ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ማንንም ሳልጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት የእሱን የጉዞ ወረቀት ነው። የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበረበት።

እንግዲህ አንተ ያለኸው ወርቅ አገር ነው። መኪናህ ጭነት ይዞ እስከ መቱ ይወጣል፤ የመሰረት ወገኖች ደግሞ መቱ ናቸው። ደብዳቤው ለእኔ አልተጻፈም። ቧንቧው ውስጡ ክፍት፣ ጫፉ ድፍን ነው። አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ወርቁ በደጄ አልፎ ለሌላ ሰው ይደርሳል አልኩ። ክልል ከሆንን ወዲህ በየቢሮው በር «ከየት ነሽ?» የምባል ሴት ነኝ፤ ልጄም «ማን ነሽ?» ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኦፒው አክስቱን ሊቀብር ኢታንግ ሲሄድ መኪናውን ግቢዬ አቁሞት ሄደ። አብዱልባሲጥ እንደማይቆርጥልኝ ስለማውቅ አልጋ ሠሪውን ኃይለኢየሱስን ጠራሁት።

«እማማ፣ እኔ አልጋ ነው የምሠራ። አልጋ ደግሞ አይሄድም» አለኝ።

«ብረት ብረት ነው። ግባ!» አልኩት።

በአንድ ጎኑ በክሪክ አነሳውና ቧንቧውን መሐል ለመሐል በመጋዝ ቆረጠው። «ከዝገት ሽታ በቀር ምንም የለም» አለ። አላመንኩትም። መሬት ላይ ተኝቼ የገዛ ጣቴን ሰደድኩ። ባዶ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እዚያው መኪናው ስር አለቀስኩ። ወርቅ ቢገኝበት ኖሮ ለምን እንደማትመጣ አውቀው ነበር።

መልሶ በየደው። ብየዳው እንዳይታይ ጭቃ ቀባሁበት።

ኦፒው ተመልሶ እስከ ባሮ ድልድይ ነዳውና ፊቱን አጥቁሮ መጣ። «እማማ፣ መኪና ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ ቀኝ እላለሁ፣ እሱ እምቢ ይላል። ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም። ለቅሶ ላይ የጠጣኸው ነው ወደ ግራ የሚወስድህ» አልኩት።

ያን ልጅ እንዲህ አልኩት። ትናንት ጠዋት መኪናውን ይዞ ሄደ።

ዛሬ ግን እንቅልፍ አጥቼ አድሬ ጋራዥ ሄድኩ። «እንዲያው ያ ቧንቧ ተቆርጦ ቢበየድስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አብዱልባሲጥ መፍቻውን አስቀመጠ።

«መኪናው መሬት ላይ በአራት እግሩ ቆሞ ከሆነ ይሁን። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከሆነ ሻንሲው እንደተጣመመ ይቀራል። ቁልቁለት ላይ ብየዳው ከለቀቀ ደግሞ መሪው ምን እንደሚያደርግ አላህ ያውቃል። ምን አደረጉ፣ እትዬ?»

ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ደብዳቤህን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ራሴ አነበብኩት።

«አምና ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ሲያንገላታት እናቴ ወርዳ በእግሯ ሄዳለች፤ ዳግመኛ አልሳፈርም ብላ ምላለች። ለልጄ ክርስትና ራሴ ነድቼ ላመጣት ነውና ማገሩን አጥብቀህ ግጠም። ለእሷ መሆኑን አትንገራት፣ ካወቀች በጄ አትልም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በሩጫ ወደ ሀያቱ ሄድኩ። ኦፒው አቦቦ ላይ ጭነት ስለሚጠብቅ ሀያቱ ይደርስበታል። «አስቁመው፣ መኪናውን ትቶ ካንተ ጋር ይሂድ» ብዬዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ አፌ እምቢ አለ። ለኦፒው አንተ ንገርልኝ። ኦፒውን አትቆጣው፤ እሱ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። ይቅርታውን እኔው ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ።

ግን ልጄ፣ ለእናት መልካም ነገር ተደብቆ ይሠራል? እኔ የተደበቀ ነገር ሁሉ የሚሄድብኝ ይመስለኛል። ከእንግዲህ ክፉም ቢሆን ለእኔ ጻፍ። ማንበብ እችላለሁ።

የልጅህን እግር ያጽናው። ለመሰረት ጡቷን ወተት ያድርግላት። አንተን ከቁልቁለትና ከእናትህ ጥርጣሬ ይሰውርህ።

እናትህ
ሙሉነሽ

ጥበብ ቀሚሴን ከሳጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጎረቤቶቼ «ለምንድን ነው?» ቢሉኝ አልነገርኳቸውም።